«ህዳሴ እያለን ሶላር ምን ያደርግልናል?» ያሰኘው ክርክር

ሻማው፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ ተንታኝ ተብዬ «ህዳሴ እያለን ሶላር ምን ያደርግልናል? ወንዝ የሌለው ይግዛው» ሲል ሰማችሁ? ጋዜጠኛው ደግሞ ጭጭ። ዓለም ጣሪያው ላይ ፓነል እየደረደረ እኛ እንዲህ እንቀልዳለን።

የጉባ ልጅ፦ ምኑ ነው ቀልዱ? 5,150 ሜጋዋት ነው ያለው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ተኝተህ ነበር? ፓነል በዶላር ከቻይና ይመጣል። ዓባይ የራሳችን ነው።

ሻማው፦ ዝናብ ሲጠፋስ? ዛምቢያም የካሪባ ግድብ አለልኝ ብላ ተቀምጣ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ድርቅ መጣና በቀን ከ20 ሰዓት በላይ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ሁሉ ነበር።

የጉባ ልጅ፦ ካሪባን ከህዳሴ ጋር አታወዳድር። ዓባይ ዓባይ ነው።

እቴ ዘነበች፦ «ዓባይ ዓባይ ነው» ደግሞ መልስ ሆነ?

ቆጣሪው፦ ፓኪስታን በዚያው በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት (17,000 ሜጋዋት) ገደማ ፓነል አስገባች። አብዛኛው በመንግሥት ፕሮጀክት አይደለም፤ የመብራት ታሪፍ ያንገበገበው ሕዝብ ነው ገዝቶ የሰቀለው። በአንድ ዓመት ሦስት ህዳሴ!

የጉባ ልጅ፦ ሦስት ህዳሴ ይላል እንዴ! ፓነል ማታ ዜሮ ነው።

ኤሌክትሪሻኑ፦ እዚህ ላይ ልጁ እውነት አለው። ሜጋዋት አቅም እንጂ ምርት አይደለም። ግን ህዳሴም ቢሆን 13ቱን ተርባይን ዓመቱን ሙሉ አያስሮጥም። በዓመት የሚጠበቀው ወደ 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ነው፤ ሌት ተቀን በሙሉ አቅም ቢሠራ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነበር። በዓመት ምርት ካየነው የፓኪስታኑን በግምት አንድ ህዳሴ ተኩል በለው።

ቆጣሪው፦ ተኩሉንም ተወው። እነሱ በአንድ ዓመት፣ እኛን 14 ዓመት ፈጀብን።

የጉባ ልጅ፦ «ፈጀብን»?! አንተ ቦንድ ገዝተሃል? እኔ የወር ደሞዜን ነው የሰጠሁት።

ቆጣሪው፦ መጣ ቦንዱ! ያልሰጠ ማን አለ? ቦንድ የገዛ ስለ ፓነል አያውራ የሚል አዋጅ ወጣ?

የቦረናው፦ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ የሚሄደው ከፍተኛ መስመር በእኛ በኩል ያልፋል። እናቴ የምታበራው ግን በትንሽዬ ፓነል ነው፤ ስልኳንም በእሱ ትሞላለች። ቀጥሉ፣ ተጨቃጨቁ።

የጉባ ልጅ፦ ለገጠር ማን ከለከለ? እኔ ያወራሁት ስለ ፋብሪካ ነው።

እቴ ዘነበች፦ መቼ? እስቲ ከላይ ጀምረህ አንብብ፤ ፋብሪካ የሚል ካገኘህ ቡና በእኔ።

ኤሌክትሪሻኑ፦ «ማታ ዜሮ» ላይ ልመለስ። እሱ የድሮ ወሬ ነው። ካሊፎርኒያ ቀን በፀሐይ የሞላችውን ባትሪ አመሻሽ ላይ መልሳ ትለቃለች። እኛማ ባትሪ መግዛትም ብዙ አያስፈልገን። ቀን በፀሐይ ከሠራን የግድቡን ውሃ ለማታና ለበጋ እንቆጥባለን። ግድቡ ራሱ ባትሪ ነው።

የጉባ ልጅ፦ ባትሪ?! ስንት የለፋንበትን ግድብ ባትሪ ትለዋለህ?

ኤሌክትሪሻኑ፦ ወንድሜ፣ ማሞገሴ እኮ ነው።

ሻማው፦ አይገባውም፣ ተወው። ይልቅ «ፓነል በዶላር ከቻይና» ላልከው፣ የህዳሴ ተርባይን ጉባ ላይ ነው የተሠራው?

የጉባ ልጅ፦ ሲሚንቶው የእኛ ነው።

ቆጣሪው፦ ሲሚንቶ ስንት ሜጋዋት ያመነጫል?

የጉባ ልጅ፦ ቦንድህን ፎቶ አንስተህ ለጥፍና እናወራለን።