ልጆቹ ያነባሉ፣ ግን አይገባቸውም። በታሪክ ብሞክርስ?

የ4ኛ ክፍል መምህርት
ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቼ ፊደል ያውቃሉ፣ አንድ ገጽ ሳይደናቀፉ ይወጡታል፣ ከዛ «ምን ይላል?» ስላቸው ጸጥ። ባለፈው ስለ ዓድዋ አጭር ጽሑፍ ሰጠኋቸው። አንዱ ጎበዜ «ነጋሪት ተጎሰመ» የምትለዋን እንደ ዜና አንባቢ አነበባት። ነጋሪት ምንድን ነው አልኩት። «ጋዜጣ» አለኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን ምን ያድርግ፣ አባቱ ጠበቃ ናቸው፣ ቤቱ የሚያየው ነጋሪት ሕግ የሚታተምበትን ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ታሪክ ራሱን ችሎ የሚመጣላቸው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው። እኔ ግን ከአሁኑ በሳምንት ሁለት የንባብ ክፍለ ጊዜ ለታሪክ ልሰጥ አስቤያለሁ። የሞከረ አለ?

ጡረተኛው
የኔ ልጅ፣ ሞክሪው። እኔ የምኒልክን ክተት አዋጅ ነበር የማስነብበው፣ መስከረም 1888 የታወጀውን። «ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም» የሚል አለበት። ልጆቹ በሙሉ «ማርያም አታማልደኝም ማለት ነው» ይሉኛል! ከዛ እጠይቃለሁ፦ እናትህ ተናደው «ማርያምን! ዛሬስ አለቅህም» ሲሉህ ምን ማለታቸው ነው? ወዲያው ይበራላቸዋል፣ መሐላ ነዋ። ምኒልክም ለግሞ የቀረውን ማንም ቢያማልደው አልምረውም ማለታቸው ነው። ለዚች ለአንዷ ሐረግ 20 ደቂቃ ይሄዳል፣ ይሂድ።
ጎበዝ ጎበዞቹን ደግሞ ውጫሌ ስጫቸው። በ1881 የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። አንድ ግሥ ጦር ሲያማዝዝ ያየ ልጅ ግሥ አይሰለቸውም።

ከጣፎ
ይቅርታ ጋሼ፣ ግማሹን አልስማማም። 5ኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የሚያምታቱ ልጆች አሉኝ። ለነሱ ውጫሌ ምናቸው ነው? መጀመሪያ ፊደል! ደግሞ እዚህ ዳር ዳሩ ላይ ብዙው ልጅ ቤቱ የሚያወራው ኦሮምኛ ነው። ያልገባው ታሪኩ ይሁን ቋንቋው በምን ይለያል?

ማስተርሱ ያልጨረሰ
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ፊደል የግድ ነው። ግን ፊደል ካለፈ በኋላ የሚይዘው እውቀት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች የ7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አስነበቡ። ንባብ ላይ ደካማ ተብለው ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን የማያውቁትን አስከነዷቸው። አታምኚም? ያንን ደካማሽን ስለ አርሰናል የተጻፈ ስጪውና እዪው።
ስለዚህ ዛሬ ዓድዋ፣ ነገ አክሱም፣ ከነገ ወዲያ ዝሆን ከሆነ ከንቱ ድካም ነው። አንዱ ርዕስ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ክረሚበት። ያው ቃል በሌላ ጽሑፍ ውስጥ ሲመጣ ነው የሚያዘው።

የ4ኛ ክፍል መምህርት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከዓድዋ በፊት ከአጠገባችን ልጀምር ብዬ ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው፤ ማገዶ አልቆ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እንደነበር፣ ባሕር ዛፍ ሲመጣ ከተማው እዚሁ እንደቀረ። ስለ ቦታ ስም ሳወራ «ቱሉ ዲምቱ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው። ንባብ ሲባል እርሳስ ወደቀብኝ ብሎ ዴስክ ሥር የሚገባ ልጅ አለኝ፣ ቤቱ ኦሮምኛ ነው። እጁን አወጣ። «ቀይ ኮረብታ።» እዛው ተወልደው ያደጉት እንኳ አያውቁም ነበር። ሰሌዳ ላይ ጻፈው አልኩት። «ኮረብታ»ን «ኮረፍታ» አደረገው። ነገ ሲያነበው ራሱ ያርመው ብዬ ሳላጠፋው ወጣሁ።
ጋሼ፣ አዋጁ በትልልቁ የተጻፈ ካለዎት ይላኩልኝ እስቲ። የኛ ፎቶ ኮፒ ቀለም ከጨረሰ ሰነበተ፣ በእጄ ነው የምገለብጠው።