የታንደም ፓይለት እንድሆን ተጠየቅኩ፤ ለትራክ ውድድር ምን ማወቅ አለብኝ? (ጥያቄና መልስ)

ጠያቂ፦ የመንገድ ብስክሌተኛ

ሰላም ለሁላችሁ። የምወዳደረው በጎዳና ላይ ብስክሌት ነው፤ ትራክ ላይ፣ ኩርባው ያዘመመ የብስክሌት መወዳደሪያ ላይ ማለቴ ነው፣ ግን ወጥቼ አላውቅም። የማየት ችግር ያለባት የቅርብ ጓደኛዬ የፓራሊምፒክ የታንደም (ሁለት ሰው የሚጋልበው ብስክሌት) ውድድር ከተከታተለች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። «አንቺ ፊት ሆነሽ ምሪ፣ እኔ ከኋላ እረግጣለሁ» አለችኝ። በጣም ጠንካራ እግር አላት፤ የቤት ውስጥ ብስክሌት ላይ አይቻታለሁ። ቁም ነገሯን ስለሆነ እኔም በቁም ነገር መመለስ እፈልጋለሁ።

የከበዱኝ እነዚህ ናቸው። ዐይኗ ጨርሶ አልጠፋም፤ በአንዱ ቅርጽ ትለያለች። ታዲያ ውድድር ትገባለች? የትኞቹ ውድድሮች አሉ? ማንም ሰው ፓይለት፣ ማለትም ፊት ሆኖ የሚመራ፣ መሆን ይችላል? ደግሞ ፍሬን የሌለው ብስክሌት ላይ ሌላ ሰው ከኋላዬ ይዤ መውጣቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳስበኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ምድብ አዋቂ

ሰላም እህቴ። ቅርጽ መለየቷ ከውድድር አያስወጣትም። የማየት ጉዳት ያለባቸው ስፖርተኞች ቢ1፣ ቢ2 እና ቢ3 ተብለው ይመደባሉ። ቢ1 ምንም የማያዩትን ወይም ከዚያ ብዙም የማይርቁትን ይይዛል። ቢ3 ላይ ያለ ሰው ደግሞ የተወሰነ ዕይታ አለው፤ ሌላው ሰው ከ60 ሜትር የሚለየውን ነገር እሱ ለመለየት እስከ 6 ሜትር ወይም ከዚያ በታች መቅረብ አለበት። የዕይታ ስፋቱ ከ40 ዲግሪ በታች የሆነ ሰውም ሊገባ ይችላል። የሚለካው በተሻለው ዐይን ነው፤ መነጽር የሚረዳ ከሆነም መነጽር ተደርጎ ነው። ስለዚህ «በአንዱ ዐይኔ አያለሁ» ማለቷ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ያ ዐይን ምን ያህል እንደሚያይ በልኬት መታወቅ አለበት።

በብስክሌት ሦስቱም ምድቦች «ቢ» በሚባል አንድ ውድድር ውስጥ አብረው ይወዳደራሉ። ለዓለም አቀፍ ውድድር በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ ምርመራና በተፈቀደላቸው መዳቢዎች የሚሰጥ ምድብ ያስፈልጋል። የዐይን ሐኪሟ የሚሞላው ቅጽ ጊዜ ስለሚወስድ ልምምዱ ሳይጀመር እሱን አስጀምሩት። ብዙ ሰው ይህን ለመጨረሻ ያቆየውና ብስክሌቱም ጉልበቱም ዝግጁ ሆኖ ወረቀት ይጠብቃል።

መልስ፦ ቀዩ መስመር

ስለ ውድድሮቹ እኔ ልበል። ትራክ ወደ ፓራሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ ነው። ፓሪስ 2024 ላይ ለታንደም ሁለት ውድድሮች ነበሩ። አንዱ የ1000 ሜትር የሰዓት ውድድር ነው፤ ከቆመበት ተነስቶ በ250 ሜትር ትራክ ላይ 4 ዙር። ሁለተኛው ማሳደድ ነው። ሁለት ታንደሞች በትራኩ ተቃራኒ ጎኖች ይነሳሉ፤ ሌላውን የደረሰበት ያሸንፋል፣ ካልተደራረሱ ሰዓት ይፈርዳል። ፓሪስ 2024 ላይ ወንዶች 4000፣ ሴቶች 3000 ሜትር ነበር የተሳደዱት።

የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ላይ ደግሞ የማየት ጉዳት ላለባቸው የሚሆን ታንደም እ.ኤ.አ. በ2014 ግላስጎው ላይ ሲገባ ከ1000 ሜትሩ ጋር ስፕሪንትም ነበረው። ስፕሪንት በ200 ሜትር የፍጥነት ማጣሪያ ይጀምራል፤ ከዚያ ሁለት ታንደሞች ፊት ለፊት ይገናኛሉ። ለኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ያን ያህል ረጅም ብስክሌት በተዳፋቱ ጫፍ ቀስ እያለ ተቃራኒውን ሲጠብቅ፣ ከዚያ በድንገት ሲወርድ ማየት ልብ ያቆማል። ታንደም ስፕሪንት ጤናማ ዐይን ላላቸውም እስከ 1972 ሙኒክ ድረስ የኦሊምፒክ ውድድር ነበር።

ፍጥነቱን አትናቂው። ሁለት ሰው ይረግጣል፣ አየሩን ግን ፊት ሆኖ የሚቀዝፈው ከሞላ ጎደል አንድ ሰው ነው። በወንዶች አንደኛ ደረጃ ያሉት 1000 ሜትሩን ከቆመበት ተነስተው ከ1 ደቂቃ በታች ይጨርሱታል። በአማካይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ፓይለት

«ማንም ሰው መሆን ይችላል?» ላልሽው፣ አይደለም። ፓይለትና የኋላ ጋላቢ ተመሳሳይ ፆታና ዜግነት ሊኖራቸው ይገባል። ፓይለቷም የራሷ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ታላላቅ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ውስጥ ላሉ ጋላቢዎችና በቅርቡ በትልልቅ ውድድሮች አገራቸውን ለወከሉ የሚመለከት ገደብም አለ። ዝርዝሩ ስለሚሻሻል ያንቺን ታሪክ ይዘሽ የዘመኑን ደንብ ከፌዴሬሽንሽ ጋር አንብቢው። ደስ የሚለው፣ ሜዳሊያው ለሁለታችሁም ነው የሚጠለቀው።

ፓይለትነት ግን ከጎዳና የቀረ ሰው የሚሰራው ሥራ እንዳይመስልሽ። ስኮትላንዳዊው ክሬግ ማክሊን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ በቡድን ስፕሪንት ብር ያገኘ ሰው ነው። በኋላ ፓይለት ሆኖ ለንደን 2012 ፓራሊምፒክ ላይ፣ ያኔ ገና በነበረው የታንደም ስፕሪንት፣ ከአንቶኒ ካፕስ ጋር ወርቅ ወሰደ። ግላስጎው 2014 ላይ ደግሞ ከኒል ፋቺ ጋር ሁለቱንም የታንደም ወርቆች።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ትራክ ብስክሌት ፍሬን የለውም፣ ነጻ ጎማም የለውም። የኋላው ጎማ እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል። ፍጥነት የምትቀንሺው ፔዳሉን በእግርሽ በመቃወምና ወደ ተዳፋቱ ከፍ በማለት ነው። መጀመሪያ ብቻሽን በአንድ ሰው የትራክ ብስክሌት ተለማመጂ። ኩርባው ከ40 ዲግሪ በላይ ያዘመመ ነው፤ እዚያ ላይ አደጋው ፍጥነት ሳይሆን ዝግታ ነው። ቀስ ካልሽ ጎማው ይንሸራተታል። ሰውነትሽ ይህን ሳያምን ጓደኛሽን ከኋላ አታስቀምጪ። እሷ የምታየው ባንቺ በኩል ስለሆነ የሚንቀጠቀጥ ትከሻሽ ወዲያው ይደርሳታል።

መልስ፦ ከኋላ የምጋልብ

እኔ ዐይነ ስውር ነኝ፣ ከኋላ እጋልባለሁ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ስለ ጓደኛሽ ቦታ ማንም አልተናገረም።

የኋላ ሰው ተሳፋሪ አይደለም። አይመራም፣ መስመር አይመርጥም። ለዚህም ነው ያለውን ጉልበት በሙሉ እግሩ ላይ ማዋል የሚችለው። ግን የሚከብድ ነገር አለ። ኩርባ ውስጥ ሰውነቴን ባንቀሳቅስ፣ አንገቴን ባዞር እንኳ፣ ፊት ያለው ሰው መሪው ላይ ይሰማዋል። ስለዚህ ወገቤንና ትከሻዬን ጸጥ አድርጌ እግሬን ብቻ ማናወጥ ተምሬያለሁ። ይህ ከጉልበት ይልቅ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል።

አነሳስ ላይ ብዙ ሥሩ። ብስክሌቱ የኋላ ጎማው መነሻ ማሽን ውስጥ ተይዞ ይቆማል። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በድምፅ ይቆጠራሉ፤ እሱን እኔም እሰማለሁ። መጀመሪያ ወገብ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደ ፊት እንወረወራለን። አንዳችን በቅጽበት ብትዘገይ ብስክሌቱ ይወላገዳል፣ የተረገጠው ጉልበትም ይባክናል። ከመቀመጫ ተነስተን ስንረግጥ ሁለታችንም እንነሳለን፤ ስንቀመጥም እንዲሁ። ያለ ቃል አይሆንም። እኛ አጫጭር ቃላት አሉን፦ «ተነሽ»፣ «ተቀመጭ»፣ «ኩርባ»፣ «አሁን»። ውድድር ላይ ዓረፍተ ነገር አይሰማም፤ ጩኸቱና ነፋሱ ይውጠዋል። የራሳችሁን ቃላት ምረጡና በልምምድ ጊዜ ሁሉ እነሱን ብቻ ተጠቀሙ።

አንድ ነገር አደራ። እየጋለባችሁ ሳትሆኑ፣ ቆማችሁም ቢሆን፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ንገሪያት። ማን ወደ ትራኩ እንደገባ፣ ስንት ሰው እንደሚቀድማችሁ፣ ለምን እንደዘገያችሁ። የማያውቁትን ነገር እየጠበቁ መወጠር ጉልበት ይበላል። ልምምዱ ሲያልቅም እሷ የተሰማትን ጠይቂያት። ከኋላ ሆነን ብዙ እናውቃለን፤ ፔዳሉ ላይ የቱ ጋ እንደላላሽ ከአሰልጣኙ በፊት እኔ ነኝ የማውቀው።

መልስ፦ ካቴና

መካኒክ ነኝ፣ አሳጥራለሁ። ታንደም ላይ ሁለት ካቴና አለ። አንዱ ጎማውን ያዞራል፤ ሌላው፣ ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ያለው፣ የሁለታችሁን ፔዳል ያገናኛል። ይሄ ሁለተኛው ከላላ አንዳችሁ ስትረግጡ ሌላው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አነሳሱ ላይ በደንብ ይታወቃል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ ይከብዳል። ከያንዳንዱ ልምምድ በፊት በእጅሽ ነክተሽ እዪው። ጎማውንም እንደዚሁ፤ የሁለት ሰው ክብደት ተሸክሞ ኩርባው ላይ የሚጫነው ኃይል ቀላል አይደለም። የኋላው መሪና መቀመጫ በጓደኛሽ ቁመት መስተካከል አለበት። የሌላ ሰው ልክ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ካመማት ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ጠያቂ፦ የመንገድ ብስክሌተኛ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። መልሶቹን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከኋላ የምትጋልቢው እህቴ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ነገ ለዐይን ሐኪሟ ቀጠሮ እንይዛለን፤ እኔም ለብቻዬ ትራክ ላይ ጀማሪዎች የሚሰለጥኑበትን ሰዓት ጠይቄያለሁ። አንድ የቀረኝ አለ፦ እኔ ትራኩን እስክለምድ ድረስ እሷ ምን ትሥራ? ዝም ብላ መጠበቅ አትችልም።

መልስ፦ ከኋላ የምጋልብ

አትጠብቅ። የቤት ውስጥ ብስክሌቱ ላይ ከቆመበት መነሳት ትለማመድ፤ ከባድ ጫና አድርጋ፣ በቆጠራ፣ አጭር አጭር። ከዚያ ከመቀመጫ ተነስታ ስትረግጥ ትከሻዋ እንዳይወዛወዝ አንቺ አጠገቧ ቆመሽ እጅሽን ጀርባዋ ላይ አድርጊ። ሲወዛወዝ ንገሪያት። ቆጠራውን አንቺ ቁጠሪላት፣ በምትመርጡት ቃል። ትራክ ላይ ስትወጡ ድምፅሽን ትለምደዋለች።

መልስ፦ የቀድሞ ፓይለት

ከዚህ ጋር፣ የመንገድ ታንደም የሚያውሳችሁ ካገኛችሁ ሰፊና መኪና የማይገባበት ሜዳ ላይ ጀምሩ። እሱ ፍሬን አለው፣ ነጻ ጎማም አለው። መነሳት፣ መቆም፣ መታጠፍ ብቻ ተለማመዱ። ረጅም ስለሆነ መታጠፊያ ላይ ሰፋ አድርገሽ ግቢ።