የውጭ እንግዳ ደሴ ያለ ቤተሰብ መርዳት ትፈልጋለች፤ ገንዘቡ በማን በኩል ይሂድ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሆላንድ የመጣች እንግዳ ወደ ላሊበላ ስታልፍ ደሴ አራት ቀን ቆይታ ነበር። ሰኞ ገበያ አካባቢ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጥ እናት ጋር ተወዳጅታ ሄደች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እናትየዋ ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ትልቋ በመስከረም 8ኛ ክፍል ትገባለች፣ ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 4። የሚኖሩት በአንድ ኪራይ ክፍል ነው፤ መብራቱ ከአከራዩ ቆጣሪ የተቀጠለ፣ ምጣዱ የእንጨት።

እንግዳዋ አሁን አገሯ ገብታ አራት ነገር አስባለች። በየወሩ 100 ዩሮ በእኔ ሒሳብ ልካ እኔ እንድሰጣቸው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንድገዛላቸው፣ ትልቋን የግል ትምህርት ቤት እንዳስገባት፣ ደግሞም የልጆቹን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥታ ገንዘብ ልታሰባስብ። ቅን ሰው ናት። የቱ ጋ እንደሚበላሽ የምታውቁ ንገሩኝ።

መስኮት 4 (ደሴ፣ ፒያሳ)፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንተ ከመሐል ውጣ። በአንተ ሒሳብ የገባውን ሳንቲም ሳታጎድል ብታደርስ እንኳ ሰፈሩ «ግማሹን በላው» ማለቱ አይቀርም፣ የምታሳየውም ወረቀት አይኖርህም። ገንዘቡ በእናትየዋ ስም ይግባ።

ለዚህ ፋይዳና በራሷ ስም የወጣ ሲም ካርድ ያስፈልጋታል። የፋይዳ ምዝገባ በነጻ ነው፤ «ላስጨርስልሽ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃትን አትስማ። ሲሙን ግን በደንብ አጣሩ። ብዙ እናቶች የሚይዙት ቁጥር በወንድም ወይም በጎረቤት ስም የወጣ ነው። በዚያ ቁጥር ቴሌብር ሲከፈት ባለቤቱ እሷ ሳትሆን ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ ጠብ ሲመጣ ሲሙን አስዘግቶ በስሙ ማስወጣት ይችላል። ቁጥሩን በስሟ ካዞረች በኋላ የባንክ ሒሳብ ትክፈት። ንግድ ባንክ ከሆነ የሒሳብ ቁጥሩ 13 አሃዝ ነው፣ በ1000 ይጀምራል። ለእንግዳዋ ስትልክላት ቆጥረህ ላክ።

ከውጭ የተላከ ገንዘብ መስኮት ላይ የሚቆመው በአብዛኛው በስም ነው። አውሮፓ ያለ ሰው «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ሲያይ ግራ ይገባዋል፣ አንዳንዱ የባልን ስም ይሞላል። እኛ ጋ ሴት የባሏን ስም አትይዝም። በመጀመሪያው ሣጥን የራሷ ስም፣ በመጨረሻው የአባትና የአያት ስም ይግባ፤ ሁሉም ፋይዳው ላይ በላቲን ፊደል እንደሰፈረው ፊደል በፊደል ይገልበጥ። ፋጡማ የሚለው ስም ብቻውን በላቲን በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። አንድ ፊደል ተለየ ተብላ ከተመለሰች ላኪዋ እስክታስተካክል መጠበቅ ነው፣ የቤት ኪራይ ቀን ደግሞ አይጠብቅም። የስሙን መስመር ብቻ ፎቶ አንስተህ ላክላት፤ የፋይዳ ቁጥሩን ሸፍነው።

በዌስተርን ዩኒየን ከሆነ ባለ 10 አሃዙን የመቀበያ ቁጥር የምታውቀው እናትየዋ ብቻ ትሁን። ባንኮች ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋቸውን በየራሳቸው ስለሚያወጡ ከመቀበሏ በፊት የዕለቱን ዋጋ ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቁ። «በእጅ ልመንዝርላችሁ» የሚል ይመጣል፤ ሕገወጥ ነው፣ ገንዘቡ ቢቀርም የምትከሱበት ወረቀት የላችሁም። ደግሞ በየወሩ 100 ከመላክ በሦስት ወር 300 መላክ የላኪዋን ኮሚሽን ይቀንሳል።

ስለ ኢንተርኔቱ፦ ጎፈንድሚ የሚባለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ድረ ገጽ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሒሳብ አይከፍልም። ገንዘቡ የሚገባው በእንግዳዋ ሒሳብ ስለሆነ ለሰጪዎቹ ተጠያቂዋ እሷ ናት። ፎቶውን ግን ትተወው።

ባለ ሽቦው (ደሴ)፦

ስለ ምጣዱ ልናገር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ከአከራይ የሚቀጠለው መስመር በአብዛኛው ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ተብሎ የተጎተተ ቀጭን ሽቦ ነው። በኤክስቴንሽን ከተሰካ መጀመሪያ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ማያያዣው ይነድዳል፤ ቤቱ ጭቃና እንጨት ነው። ሊገጠም ከሆነ ከቆጣሪው ጀምሮ ራሱን የቻለ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከር፣ ከምጣዱ አካል ጋር የታሰረ ግራውንድ ይፈልጋል። ጋጋሪ እጇ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ግራውንዱን «ይቅር» የሚል ሠራተኛ ካጋጠመህ ሌላ ፈልግ።

ሽቦው ቢስተካከልም ቆጣሪው የአከራዩ ነው። በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 4 ቀን ብትጋግር በወር ከ180 እስከ 210 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትጨምራለች። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ የአከራዩም ሒሳብ አብሮ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። በሁለተኛው ወር «ልቀቂ» ትባላለች። መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ሊጡ ኮምጥጦ ያድራል።

የራሷ ቆጣሪ እስክታገኝ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ይሻላታል። ዙሪያው ስለተዘጋ እሳቱ አይበተንም፣ ከክፍቱ ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የጭስ መውጫው ወደ ውጭ መዞሩን እዩ።

ጠመኔ (ደሴ፣ ሆጤ)፦

የግል ትምህርት ቤት አልመክርም። ክፍያው በየዓመቱ ይጨምራል፤ እንግዳዋ በሁለተኛው ዓመት ሥራ ብትለቅ ወይም ብትታመም ልጅቷ መሐል ላይ ትቀራለች። ወደ መንግሥት ለመመለስ መሸኛና ካርድ ያስፈልጋል፣ ዕዳ ካለ ደግሞ መሸኛው አይሰጥም። 8ኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤት መቀየር በራሱ ጥሩ አይደለም፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ አለባት።

ባለችበት ትቆይ። የሚያስፈልጋት የሚቆጠር ነገር ነው፦ ዩኒፎርም፣ ለየትምህርቱ ደብተር፣ ጫማ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ፣ ከሁሉ በላይ ማታ የምታነብበት መብራት። ዩኒፎርም ነሐሴ ላይ ይሰፋ፤ በመስከረም ልብስ ሰፊ አታገኝም። አንድ ቀን በእንጀራ ጉልት ምክንያት መቅረቷንም ጠይቁ። ገበያ ቀን ሰኞ ነውና ሰኞ ሰኞ የምትቀር ከሆነ ችግሩ የትምህርት ቤቱ ዓይነት አይደለም። ያኔ ሰኞ ጠዋት ጉልቱ ላይ የሚያግዝ ሰው መክፈል ከግል ትምህርት ቤት ይረክሳል።

በረካ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦

ልጄ፣ ሁሉም ደህና ብለዋል። እናትየዋን ግን ማን ጠየቃት? በፈረንጅ ፊት በአስተርጓሚ ስትጠየቅ ለሁሉም «እሺ፣ ይበቃኛል» ነው የምትለው፤ ይሉኝታ ነው። አንተም ወንድ ነህ። የምታምናት ጎረቤት ይዘህ፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ሂድ። አቦሉ ላይ ገንዘብ አታንሳ፤ በረካው ላይ ራሷ ታነሳዋለች። ባዶ እጅህን አትሂድ፣ ስኳርና ቡና ያዝ። ሥጋ አትግዛ፤ በወሎ እስላምና ክርስቲያን አብሮ ይኖራል፣ የታረደውን ግን አይካፈልም። በዓል ከሆነ በጉን በቁሙ ስጥ፣ እነሱ ያርዱታል።

ቀድማ የምትጠራልህን ልንገርህ፤ እንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ትጠራዋለችና። አንደኛ የቅሬ (የሰፈር እድር) ውዝፍ። ቅሬዋ ከተቋረጠ ሐዘን ቢደርስባት ድንኳንም ሰውም የላትም፤ ከዚያ በላይ የሚያሳፍር የለም። ሁለተኛ ጤና መድህን። በቀበሌ ነው የሚከፈለው፣ በዓመት አንዴ፣ መላ ቤተሰቡን ይሸፍናል። መመዝገቢያው ወራት አለው፣ ካለፈ ለከርሞ ነው። ካርዱን ይዘው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ከኪስ ይከፍላሉ።

ሦስተኛው ጤፍ ነው፣ ትርፏ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው። ዱቄት በኪሎ ከሱቅ የምትገዛ ሴት ለባለሱቁ ነው የምትሠራው። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ሦስት፣ ቢበዛ አራት እንጀራ ይወጣል፤ በኪሎ ላይ የተጨመረ ብር ሁሉ ከዚያች ትርፍ ላይ ይነሳል። በጥርና በየካቲት፣ አዲሱ ምርት ገበያ ሲሞላ፣ አንድ ኩንታል በእህሉ ይገዛላት። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ከርጥበት በጣውላ ከፍ ተደርጎ ከተቀመጠ ይከርማል። ዱቄቱ ግን አይከርምም፤ 15 ወይም 20 ኪሎ እየቀነሰች ታስፈጭ። ኩንታሉ ሲገባ በቀን ብርሃን በጋሪ አይምጣ። «ፈረንጅ ይረዳታል» የሚል ወሬ አከራዩ ጆሮ ከገባ ኪራዩ ይጨምራል፣ ዘመድም ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ስለዚህ ከእርዳታው በፊት የኪራይ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ለአንድ ዓመት።

ቦርከና ማዶ፦

እጅግ አመሰግናለሁ፤ እናቴ፣ እርስዎንም እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ልብስና ጫማ በፖስታ ልላክ ትላለች፤ እና እስከ መቼ እንደምትረዳ ምን ብላ ትንገራቸው?

መስኮት 4፦

ጥቅሉ ፖስታ ቤት በፖስታ ሣጥን ነው የሚመጣው፣ ቀረጥ ከተጣለበት የምትከፍለው ተቀባይዋ ናት። ገንዘቡን ትላክ፣ ጫማው ደሴ ላይ ልጁ ለክቶት ይገዛል።

በረካ፦

«ሁልጊዜ» አትበል። ቃሏ በዚህ ዓመት ይታሰር፦ መስከረም ላይ ለትምህርት፣ ጥር ላይ ለጤፍና ለመድህን፣ ሰኔ ላይ ልጅቷ ስትፈተን የመጨረሻው። ይህን አንተ አትተርጉም፣ እሷ በድምፅ ትላከውና የትልቋ ልጅ መምህር ይተርጉምላቸው። ጥር ላይ ኩንታሉ ሲገዛ ደግሞ ሻጩን እናትየዋ ትምረጥ፤ ጤፍ በዓይን ሳይሆን በእጅ ነው የሚታወቀው፣ አሸዋ ያለበትን እሷ ታውቀዋለች።