«ሊተራሊ» ሲባል በእውን ሆነ ማለት ነውን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ «ሊተራሊ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ልክ እንደተባለው፣ ያለ ማጋነን» ማለት ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው ለማጋነኛነት ይጠቀምበታል። ይህ ስህተት ነው ወይስ ቋንቋው የተቀበለው ፍቺ?

መምህሩ፦ ስህተት ነው። ቃሉ የመጣው «ፊደል» ማለት ከሆነው «ሊቴራ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ጭንቅላቱን ያመመው ሰው «ሊተራሊ ፈነዳ» ካለ፣ በእርግጥ የሆነውን ከተጋነነው የምንለይበትን ቃል አሳጣን ማለት ነው።

አርታኢዋ፦ በመነሻው ከተሄደማ «ቬሪ» የሚለው ቃልም ከድሮ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «እውነተኛ» ነበር፤ ዛሬ «በጣም» ለማለት ሲውል የሚቆጭ የለም። ማጋነኛው ፍቺም የዛሬ ወጣቶች ያመጡት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1769 በታተመ ልቦለድ ውስጥ ይገኛል፣ የሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላትም በ1909 መዝግቦታል። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ይህን ፍቺ አስገባ ተብሎ በ2013 ያ ሁሉ ቁጣ ሲነሳ፣ ፍቺው ከገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። እኛስ «በሳቅ ሞትኩ» ስንል የሚሳሳት አድማጭ አለ?

አስተርጓሚው፦ በጨዋታ ላይ የሚሳሳት የለም፤ በምስክርነት ላይ ግን አለ። በአሜሪካ ፍርድ ቤት ለአንዲት አማርኛ ተናጋሪ ሳስተረጉም፣ ጎረቤቷ ስለ አከራይዋ ሲመሰክር «ሊተራሊ ወርውሮ አስወጣት» አለ። «አባረራት» ብዬ ብተረጉም ነገሩ የኪራይ ጠብ ይሆናል፤ «ገፍትሮ አስወጣት» ብል ደግሞ ሰውየውን በድብደባ መክሰሴ ነው። ዳኛውን አስፈቅጄ ምስክሩ እንዲያብራራ ጠየቅሁ። አከራዩ እጁን እንኳ አላሳረፈባትም፤ ዕቃዋን ደጅ አውጥቶ ቁልፉን ቀይሮባት ነበር። መዝገበ ቃላቱ ሰው የሚናገረውን መመዝገቡ ትክክል ነው፣ በዚህ ከአርታኢዋ ጋር ነኝ፤ ሆኖም ሁለቱም ፍቺዎች በሕይወት ስላሉ ቃሉ ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ቃሉን አጥተነዋል የምለውን እያጸናህልኝ ነው።

አስተርጓሚው፦ በችሎት ውስጥ አዎን፣ አጥተነዋል፤ መልሶ ለማግኘት ግን ተናጋሪውን ማረም ሳይሆን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር፣ «ምን ሲያደርግ አዩት?» ተብሎ እንዲጠየቅልኝ ሳላመለክት አላልፍም።