«ግንብ» ማማው ነው፣ ቅጥሩ ነው ወይስ ቤተ መንግሥቱ?

አስተርጓሚዋ፦ በዌልስ ስለሚገኙ ሁለት የ13ኛው ክፍለ ዘመን ምሽጎች የተጻፈ ማነጻጸሪያ እየተረጎምሁ ነው። እዚህ ላይ ቆምሁ፦ «የኮንዊ ግንብ ስምንት ግንቦች አሉት፤ የቦማሪስ ግንብ ግን በሁለት ግንብ የተከበበ ነው።» አንባቢ ምኑን ከምን ይለያል?

ባለ ዳዊት፦ እኅቴ፣ ጥፋቱ የአማርኛችን ነው። የባቢሎን ግንብ ማማ፣ የበርሊን ግንብ አጥር፣ የፋሲል ግንብ ቤተ መንግሥት! ግዕዙ አይምታታም፤ ማማው ማኅፈድ፣ ግድግዳው አረፍት፣ ዙሪያው ቅጽር። ዳዊት የደገመ ሰው «መኃፍድ» የሚለውን የማኅፈድ ብዙ ቍጥር ያውቃል፤ የአማርኛው መዝሙር ግን «ግንቦችዋንም ቍጠሩ» ብሎ አለፈው።

ሥር ፈላጊ፦ ቅጽር ከተነሣ አይቀር፣ ከዐረብኛው «ቀስር» ጋር አንድ ነው። እርሱም ከላቲኑ «ካስትሩም» የመጣ ነው። ቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ስንል የሮም ጦር ሰፈር እያልን ነው!

የመሪጌታ ልጅ፦ በስመ አብ! «ቀጸረ» ራሱን የቻለ የግዕዝ ግስ ነው፤ አጠረ፣ ከበበ። ግስ ያልወረደ ሰው ሥር ሲቆፍር እንዲህ ነው።

ሥር ፈላጊ፦ «መነኰሰ»ም ግስ ነው። ከግሪኩ «ሞናኮስ» መምጣቱን ይክዳሉ?

የመሪጌታ ልጅ፦ መነኰሰ ባለ አራት ፊደል ነው፤ እንግድነቱ ከመልኩ ያስታውቃል። ቀጸረ የቤት ልጅ ነው።

ድንጋይ ጠራቢው፦ ጌቶቼ፣ ወደ ድንጋዩ እንመለስ። ኮንዊ አለት ላይ ስለ ቆመ ቅጥሩ የአለቱን ቅርጽ ተከትሎ ይረዝማል፤ ስምንቱ ማማዎች ቅጥሩ ላይ የተሰኩ ናቸው፤ ውስጡንም አንድ አቋራጭ ግድግዳ ለሁለት ይከፍለዋል። ቦማሪስ እ.ኤ.አ. በ1295 የተጀመረው ረግረግ ሜዳ ላይ ነው። የሚያግዝ አለት ስላልነበረ አንዱን ቅጥር በሌላው ውስጥ አደረጉት። የውስጠኛው ከፍ ስለሚል ቀስተኞች ከውጪዎቹ ራስ በላይ ይወረውራሉ። የተዋጣለት ንድፍ ነበር፤ ገንዘቡን የስኮትላንድ ጦርነት በላውና ሳይጠናቀቅ ቀረ። «ምሽግ፣ ማማ፣ ቅጥር» ይበሉና ይገላገሉ።

ባለ ዳዊት፦ ምሽግ ወታደር ቆፍሮ የሚገባበት ጉድጓድ ነው። ሁለቱንም ያሠራውን የእንግሊዝ ንጉሥ ኤድዋርድን ጉድጓድ ሊያስገቡት ነው?

አስተርጓሚዋ፦ እሺ፣ ቅጥር በ«ጥ» ነው በ«ጽ»? ጽሑፉን ነገ አስረክባለሁ።

የመሪጌታ ልጅ፦ በ«ጽ» እንጂ! በ«ጥ» ከጻፉት ሁለት የቅጥር ሠራተኞች ቤተ መንግሥት የከበቡ ይመስላል።

ሥር ፈላጊ፦ ሠራተኛ መቅጠርም እኮ በውል ማጠር ነው። ሥሩ አንድ ነው።