የጎረቤት ደረጃ ሳሎናችን ውስጥ ያያል፤ ብርሃን ሳናጣ መስኮቱን በምን እንጋርደው?

ጠያቂ፣ ከቆጪ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በጅማ፣ ቆጪ አካባቢ፣ ወላጆቼ በሠሩት የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑ ሁለት የብረት መስኮቶች አሉት፤ አንደኛው በስተምዕራብ ወደ መንገዱ፣ ሁለተኛው በስተሰሜን ወደ ግቢያችን በር ይመለከታል። ለብዙ ዓመታት ሁለቱንም በስስ ነጭ መጋረጃ ብቻ ሸፍነን ያለ ችግር ኖረናል። ባለፈው ዓመት ግን ከአጥራችን ማዶ ፎቅ ቤት ተሠራ፤ የቤቱ የውጭ ደረጃም ከሰሜኑ መስኮታችን ጋር ፊት ለፊት ሆነ። ጎረቤቶቻችን ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሰው ዓይኑን የት ያድርገው?

ችግሩን የፈታን መስሎን ወፍራም ቡናማ መጋረጃ ሰቀልን። ከዚያ ወዲህ ሳሎናችን ቀን በቀን ጨለማ ሆኗል፤ በተለይ በክረምት ከእኩለ ቀን ጀምሮ መብራት እናበራለን፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ መጋረጃውን መግለጥ ግድ ይለናል። ከሁሉም በላይ የተጎዳችው እናቴ ናት። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሰሜኑ መስኮት ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና ትለቅማለች፤ ዓይኗ ስለደከመ ጥቁሩንና የተነቀዘውን ፍሬ ከደኅናው የምትለየው ሰፌዱን ወደ መስታወቱ አዘንብላ ነው። መጋረጃው ከተሰቀለ በኋላ ሁለት ጊዜ ያልተለቀመ ፍሬ ተቆልቶ ቡናው ስለ መረረ፣ እናቴ መጋረጃውን «ይህን ጋቢ ከመስኮቴ ላይ አንሱልኝ» ትለዋለች። በተጨማሪም በበር የሚገባውን ሰው ከተቀመጠችበት ማየት ትወዳለች።

ቀን ብርሃን የማይከለክል፣ ነገር ግን ከላይ የሚያየንን የሚጋርድ ምን ዓይነት መጋረጃ ትመክሩኛላችሁ?

መጋረጃ ሰፊ

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። በከተማችን መጋረጃ ስሰፋ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ደንበኞቼ የሚሳሳቱትም ለቀንና ለማታ አንድ መጋረጃ ሲፈልጉ ነው። ስስ መጋረጃ ቀን የሚሸፍነን ውጭው ከቤቱ ይልቅ ስለሚበራ ብቻ ነው፤ ማታ አምፖል ሲበራ ነገሩ ይገለበጥና እናንተ ውጭውን አታዩም፣ በውጭ ያለው ግን ጥላችሁን ሳይቀር ያያል። ስለዚህ ሁለት ብረት አስገጥመው፣ ወደ መስታወቱ ስሱን፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ወፍራሙን ይስቀሉ፤ ወፍራሙ ቀን ሙሉ ተሰብስቦ ይዋል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን አምፖል ከማብራትዎ በፊት መጋረጃው ይዘጋ።

ሲሰበሰብ መስታወቱን እንዳይሸፍን ብረቱ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። ብዙ ሰው ብረቱን በመስኮቱ ልክ አስቆርጦ፣ መጋረጃው ሲገለጥ እንኳ የመስኮቱን ሩብ ያህል ተሸፍኖ ይቀራል፤ ከዚያም ቤቱ ጨለመ ብሎ ጨርቁን ይወቅሳል። መስኮትዎ 1.20 ሜትር ስፋት ቢኖረው ብረቱ 1.60 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለሽንሽኑ ደግሞ ለወፍራሙ የብረቱን እጥፍ፣ ማለትም 3.20 ሜትር፣ ለስሱ ሁለት እጥፍ ተኩል፣ ማለትም 4 ሜትር ጨርቅ ያስፈልግዎታል። ስስ ጨርቅ ተወጥሮ ከተሰቀለ ያሳያል፤ የሚሸፍነው ሽንሽኑ ነው።

ጨርቁ ጥጥ ከሆነ ከመሰፋቱ በፊት ውኃ ውስጥ ነክረው ያድርቁት፤ 2.50 ሜትር የነበረ መጋረጃ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ 10 ሳንቲ ሜትር አጥሮ ከወለሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሲቀር አይቻለሁ። ፖሊስተር አያጥርም፣ ቶሎም ይደርቃል፤ በጅማ ክረምት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የወፍራሙን ቀለም እንደወደዱ ይምረጡ፣ ወደ መስታወቱ የሚዞረው ገበር ግን ነጭ ይሁን፤ የከሰዓቱን ፀሐይ ይመልሳል፣ የጨርቁም ቀለም ቶሎ አይለቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳዎ ጭቃ ከሆነ ፊሸር፣ ማለትም ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ፣ አይይዝልዎትም። መጀመሪያ ቋሚ እንጨቶቹ ያሉበትን በማንኳኳት ፈልገው ከመስኮቱ በላይ ረጅም ጣውላ በእነርሱ ላይ ያስመቱ፤ የመጋረጃው ብረት በጣውላው ላይ ይታሰራል። ለመንገዱ መስኮት ደግሞ የታችኛውን ግማሽ ብቻ የሚሸፍን ስስ መጋረጃ ይበቃዎታል፤ ወደ ቤት ጠልቆ የሚገባው ብርሃን በላይኛው መስታወት በኩል የሚመጣው ነው።

ተከራይ፣ ከቂጦ

እኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። በአንድ ሱቅ «ከውጭ መስተዋት፣ ከውስጥ ግልጽ» ተብሎ የሚያብረቀርቅ ስቲከር ተሸጠልኝ፤ ለፍቼ በሳሙና ውኃ ለጠፍኩት። ቀን በእውነት ማንም አያየኝም ነበር፤ መንገደኞች ቆመው ፀጉራቸውን በመስኮቴ ሲያበጥሩ እያየሁ እስቅ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ማታም እንደዚያው መስሎኝ መጋረጃ ሳልዘጋ ተቀመጥኩ። አንድ ምሽት እንጀራ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ አልጋዬን፣ ድስቴን፣ የተሰቀለ ሱሪዬን ሳይቀር ከመንገዱ ቆሜ ቆጠርኩት። ስቲከሩ የሚያንጸባርቀው ብርሃን በበዛበት በኩል መሆኑን ሻጩ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ለደረጃው መስኮት ስቲከር የሚያስቡ ከሆነ የሚያብረቀርቀውን ትተው ወተት የሚመስለውን ደብዛዛውን ይግዙ፤ እርሱ ቀንም ማታም መልክ አያሳይም፣ ምንም እንኳ ማታ ለመስታወቱ በጣም የቀረበ ሰው ጥላው ቢታይም።

ጠያቂ፣ ከቆጪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መለኪያ ይጠቅም እንደሆነ ልጻፈው። የሰሜኑ መስኮት ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሦስት እርከን መስታወት አለው። የደረጃው መቆሚያ ከመሬት 3 ሜትር፣ ከመስኮቱ 6 ሜትር ያህል ይርቃል። የታችኛውን ግማሽ የመሸፈኑ ምክር ለዚህኛው መስኮት ይሠራል?

የሕንፃ ንድፍ መምህር

ለዚህኛው አይሠራም፤ ይልቁንም መገልበጥ አለበት። የግማሽ መጋረጃ ዘዴ ከእኛ ጋር በእኩል ከፍታ የሚያልፍን ሰው የሚመለከት ነው። ከላይ የሚመለከት ሰው ግን ወደ ሳሎኑ መሐል የሚያየው በላይኛው መስታወት በኩል ነው፤ በታችኛው በኩል የሚያገኘው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ወለል ብቻ ነው።

በሰጡን ልክ እናስላው። መቆሚያው ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ከመሬት 4.60 ሜትር ያህል ላይ ነው እንበል። ላይኛዎቹን ሁለት እርከኖች በደብዛዛ ስቲከር ከሸፈኑ፣ የሚቀረው መስታወት የላይኛው ጠርዝ 1.30 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ጠርዝ በኩል የሚገባው እይታ በየሜትሩ 55 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ስለዚህ ከመስኮቱ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ከ1 ሜትር በላይ ያለ ነገር አይታይም፣ 2.40 ሜትር ካለፈ በኋላ ደግሞ ወለሉ እንኳ አይታይም። እናትዎ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው ከዚህ መስመር በላይ ይውላል፤ እርሳቸው ግን በታችኛው መስታወት የግቢውን በር ያያሉ። ደረጃውን እየወረደ ያለ ሰው እይታ ወደ አግድም ስለሚለጠጥ ስሌቱ ለመቆሚያው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስቲከር ከመግዛትዎ በፊት መስታወቱ ላይ ጋዜጣ በፕላስተር ይለጥፉ፣ ጎረቤትዎን ያስፈቅዱና ከደረጃው ላይ፣ ከላይም ከመሐልም ቆመው ይመልከቱ።

ሰሜኑን መስኮት በወፍራም ጨርቅ ማፈን ግን በጣም ያሳዝነኛል። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ7 ዲግሪ ትንሽ በለጥ ብላ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን የምትሆነው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን ከአናት ብዙም ስለማትርቅ የጣሪያው ክፈፍ ይመልሳታል። በሌላው ጊዜ በሰሜን መስኮት የሚገባው ከሰማዩ የሚመጣ፣ ጥላ የማያበዛ ለስላሳ ብርሃን ነው። ሰዓሊዎች የሚመርጡት ይህንኑ ነው፤ እናትዎም ቡና ለመልቀም የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። አስቸጋሪዎቹ ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ክፈፍ አያግዳትም። በምዕራቡ መስኮት ነጭ ገበር ያለው መጋረጃ የተመከረዎት ትክክል ነው፤ ሆኖም ጅማ ጋምቤላ አይደለችም፣ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሙቀቱ ይህን ያህል አያስጨንቅም።

ገንዘብ ከተገኘ በአግድም የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ዝርግ ዘንጎች ያሉት መጋረጃም ይሆናል። ለፎቅ ጎረቤት ዘንጎቹ ወደ ውጭ ያለው ጠርዛቸው ወደ ታች እንዲያዘነብል አድርገው ያዙሯቸው፤ ከላይ የሚወርደውን እይታ ይመልሱና ከግቢው መሬት የሚንጸባረቀውን ብርሃን ወደ ጣሪያው ይልካሉ። ለመንገድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያደርገውና መጋረጃው አይረባም ይላል። የኮርኒሱ ቀለም ነጭ ካልሆነ ግን ወደ ላይ የተላከው ብርሃን እዚያው ይቀራል።

መጋረጃ ሰፊ

የመምህሩን ስሌት ተቀብያለሁ፤ በአሉሚኒየሙ ግን አልስማማም። በበጋ ከመንገዱ የሚነሣው ቀይ አቧራ በየዘንጉ ላይ ይተኛል፤ አንድ በአንድ የሚወለውል ሰው ከሌለ በሁለት ወር ውስጥ ያስጠላል። ጨርቅ ግን ወርዶ ይታጠባል። ደግሞ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ የእነዚህ መጋረጃዎች ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ግድግዳው ላይ መታሰር አለበት።

የልጆች እናት፣ ከጊንጆ

ስለ ሻጋታ ማንም አላነሣም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ በሚዘንብበት ከተማ፣ በተለይ በጭቃ ቤት፣ ከመስታወትና ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ ወፍራም ጨርቅ ከኋላው ይሻግታል። እኔ ያወቅሁት ነሐሴ ላይ መጋረጃውን ለማጠብ ሳወርድ፣ የታችኛው ጠርዝ ጥቁር ነጥብ በነጥብ ሆኖ ነው፤ በረኪና ብነክርበት ሻጋታው ከቀለሙ ጋር አብሮ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ብረቱን ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል አርቄ አስታሰርኩት፤ ዝናቡ በሚያባራበት ሰዓትም መስኮቱን እከፍታለሁ። ቡና የሚፈላው እዚያው ሳሎን ከሆነም ከሰሉ ከመጋረጃው ይራቅ፤ ፖሊስተር በእሳት ፍንጣሪ ይቀልጣል። ወፍራም መጋረጃ ዘግቶ፣ መስኮትም ቆልፎ ከሰል ማንደድ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ጠያቂ፣ ከቆጪ

የሆነውን ልንገራችሁ። ጋዜጣውን ለጥፌ፣ የፎቁን ቤት እመቤት አስፈቅጄ ደረጃው ላይ ወጣሁ። እትዬ ለካ እነርሱም በእኛ መስኮት ሲሳቀቁ ኖረዋል፤ ልጆቻቸውን «ወደ ታች አትዩ» እያሉ ያሳድጓቸው እንደነበር ቡና እየጠጣን ነገሩኝ። ከመቆሚያው ላይ ሆኜ ሳይ መምህሩ እንዳሉት ሆነ፤ ሳሎኑ ሙሉ በሙሉ ተሰወረ፣ ከእናቴ የሚታየኝ እጇና ሰፌዱ ብቻ ነበር። ከመሐል ደረጃ ግን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ታየችኝ፤ ከዚያ በታች አጥሩ ይጋርዳል።

ስለዚህ ላይኛዎቹን ሁለት እርከኖች በደብዛዛ ስቲከር ሸፍኛለሁ፤ ጣውላውንም አስመትቻለሁ። ቡናማው መጋረጃ ነጭ ገበር ተጨምሮለት ለማታ ብቻ ይዋላል፤ ለምዕራቡ መስኮት ደግሞ የግማሽ ስስ መጋረጃ ጨርቅ ገዝቼ ነክሬ አስጥቻለሁ። ለሰሜኑ ታችኛ እርከንም እንዲሁ ትንሽ ስስ መጋረጃ ላሰፋ ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ ሰፌዷን ወደ መስታወቱ እያዘነበለች «አፍንጫዬን ከፈለጉ ይዩት፣ ቡናዬን ግን አታጨልሙብኝ» አለችኝ። የነከርኩት ጨርቅ በዚህ ዝናብ እስከ ሐሙስ ገበያ ከደረቀ ለስፌት አመጣዋለሁ።