ከ20 ዶላር በታች ፒኖ ኗር፦ ለአዘቦት እራት የትኛው ይሻላል?

«ከ20 ዶላር በታች የሆነ፣ ከእራት ጋር የሚሄድ፣ ራስ የማያሳምም ቀይ ወይን ጠቁሚን» የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዝቶብኛል። ስለ ራስ ምታቱ ቃል አልገባም፤ እሱ የብርጭቆው ብዛት ጉዳይ ነው። ስለ ሌላው ግን የምለው አለኝ። እቤት የምጠጣው ፒኖ ኗር ነው። ገንዘብ ተርፎኝ እንዳይመስላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ኪራይ እየከፈልኩ የምኖር ሰው ነኝ። ለአንድ ጠርሙስ ከ15 ዶላር በላይ ሳወጣ ቅር ይለኛል።

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ የቸኮለ እዚህ ላይ ያቁም። ለአዘቦት የቺሊው ኮኖ ሱር፣ ጠርሙሱ ላይ ብስክሌት ያለበት። እንግዳ ሲመጣ የአሜሪካዋ የኦሪገን ግዛት ፒኖ። ፒኖ በዋጋችሁ ካልተገኘ ደግሞ ቦዦሌ የሚባለው የፈረንሳይ ቀይ ወይን።

ያልቸኮላችሁ ቁጭ በሉ።

ፒኖ ኗር ገበሬውን የሚያስለቅስ ወይን ነው። ዘለላው እንደ ጥድ ፍሬ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስሙም «ጥድ» እና «ጥቁር» ከሚሉ የፈረንሳይኛ ቃላት የመጣ ነው ይባላል። ቆዳው ስስ ነው። ዝናብ ሲበዛ ይበሰብሳል። ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ የጸደይ ውርጭ ያገኘዋል። ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ መዓዛው ይጠፋና ማርማላታ ማርማላታ ይላል። ስለዚህ ጥሩ ፒኖ በርካሽ ማምረት ቀላል አይደለም። ካቤርኔ የሚባለው ጠንካራ ቀይ ወይን በ9 ዶላር ደህና ሊገኝ ይችላል። ፒኖ በ6 ዶላር ካያችሁ ግን ጠርጥሩ።

ጠርጥሩ ያልኩት በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ካርካሶን በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ 12 ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ጥፋተኛ ተባሉ። 18 ሚሊዮን ጠርሙስ የሚሞላ ወይን «ፒኖ ኗር ነው» ብለው ለአሜሪካ ገበያ ሸጠዋል። ውስጡ ሜርሎና ሲራ የሚባሉ ሌሎች ቀይ ወይኖች ነበሩ። እንዴት እንደተነቃባቸው ታውቃላችሁ? የሸጡት መጠን አካባቢው በሙሉ ከሚያመርተው ፒኖ በለጠ። ሲሰርቁ እንኳን ሂሳብ አልሠሩም። ከጠበቆቹ አንዱ «አንድም አሜሪካዊ ጠጪ አላማረረም» ብሎ መከራከሩ ነው እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ።

በሕጋዊ መንገድም ቢሆን መደባለቅ አለ። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ጠርሙሱ ላይ የአንድ ወይን ስም ለመጻፍ 75 በመቶው ያ ወይን ከሆነ ይበቃል። ቀሪው ሩብ ሲራም ሊሆን ይችላል። ኦሪገን ግን ጠንከር አድርጋ 90 በመቶ ትላለች። እኔ የምጠቀመው ቀላል መፈተኛ አለ። በንጹሕ ብርጭቆ ጥቂት ቅዱና ጣታችሁን ከኋላ አድርጉ። ጥሩ የአዘቦት ፒኖ ከሆነ ጣታችሁ ይታያል። ቀለሙ እንደ ካርካዴ ነው። ጣታችሁ ጨለማ ውስጥ ከጠፋ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ይሆናል፤ ወይ ደግሞ ፀሐይ በዝቶበት ኖሯል።

አሁን ወደ ውድድሩ። ባለፈው ፋሲካ ማግስት እቤት አራት ጠርሙስ አሰለፍን። ስም እንዳይታይ የባለቤቴን ረጃጅም ካልሲዎች አለበስኳቸው። (የታጠቡ ናቸው፤ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው።) ኮኖ ሱር፣ የኦሪገኑ ኤ ቱ ዚ፣ የካሊፎርኒያው ሜዮሚ እና ቡርጎኝ ከሚባለው የፈረንሳይ ክልል ሉዊ ዣዶ። ቀማሾቹ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ እህት፣ አንድ ጎረቤታችን እና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣች እናቴ።

ያለ ምግብ ስንቀምስ ሜዮሚ አሸነፈ። ሁለት ሰው መረጠው። ለስላሳ ነው፣ ቫኒላ ቫኒላ ይላል፣ ወደ ጣፋጭ ያደላል። ከጠጅና ከአክሱማይት ያደገ ምላስ ይወደዋል፤ አልፈርድም። ከዚያ ዶሮው ቀረበ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ራሱ ጣፋጭ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከበደን። የባለቤቴ እህት ሁለት ጊዜ ጎርሳ ብርጭቆውን ገፋ አደረገችው። ኮኖ ሱር ግን ቀለል ያለ ነው፤ ቼሪና እንጆሪ ይሸታል፣ ትንሽ ጎምዘዝ ይላል። ያቺ ጉምዛዜ ቅቤውን ታጥበዋለች። አፍ ይጸዳል፤ ሌላ ጉርሻ ያምራል። ኤ ቱ ዚም እንደዚያው ነው፤ ዝናብ እንደመታው አፈር ያለ ሽታ ይጨምራል። እሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዋጋው ግን ከኮኖ ሱር ብዙ ጊዜ ሰባት ስምንት ዶላር ይበልጣል። የሚበልጠውን ያህል ይጣፍጣል ወይ ብትሉኝ፣ ማክሰኞ ማታ አይጣፍጥም። እሁድ ይጣፍጣል።

እናቴ የቡርጎኙን ቀመሰችና ፊቷን አኮሳተረች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ወይን ነው ወይስ ኮምጣጤ?» ብላ ኮካ አስመጣች። ጎደርን በኮካ የጠጣ ትውልድ ነው፤ ምን ይደረግ። ከአራቱ ውዱ እሱ ነበር። ጎረቤታችን ፈረንሳይኛ አስተማሪ ነው፤ ሲያይ ደነገጠ።

በነገራችን ላይ ቅመም ላይ ካቤርኔ አትክፈቱ የምለው ለዚህ ነው። አፍ የሚያደርቀው ታኒንና ከ14 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ከበርበሬ ጋር ሲገናኙ ማቃጠሉ ይብሳል። ፒኖ ታኒኑ ትንሽ ነው። የጠርሙሱ ጀርባ ላይ አልኮሉ ከ12.5 እስከ 13.5 በመቶ የሚል ካገኛችሁ ለወጥ ይሆናል። ለእንጉዳይ ጥብስ ደግሞ ከፒኖ የተሻለ አላገኘሁም። ክትፎ ላይ ብዙ አልተሳካልኝም፤ ሚጥሚጣው ያሸንፈዋል።

ስለ ኮኖ ሱር ሁለት ነገር ልጨምር። ከቺሊ ነው፤ ድርጅቱ የተመሠረተው በ1993 ነው። ብስክሌቱ ሠራተኞቹ በእርሻው ውስጥ የሚዘዋወሩባትን የሚያስታውስ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ፒኖ ከሚያመርቱት አንዱ ስለሆነ ዋጋው ዝቅ ቢል አያስጠረጥርም። እኔ ሰፈር ከ10 እስከ 13 ዶላር ነው የማየው። ክዳኑ ተጠምዝዞ የሚከፈት ነው። ቡሽ የሌለው ርካሽ ይመስለናል፤ አይደለም። መክፈቻ የጠፋበት ቀን ታመሰግኑኛላችሁ።

ኦሪገንን ያነሳሁት ለጉራ አይደለም። ዴቪድ ሌት የሚባል ወጣት በ1965 ዊላሜት ሸለቆ ውስጥ ፒኖ ሲተክል አገሩ ለወይን ይቀዘቅዛል ብለውት ነበር። በ1980 ቦን ከተማ፣ እዚያው ቡርጎኝ መሃል፣ በተደረገ ውድድር የእሱ የ1975 ወይን ሁለተኛ ወጣ። ውድድሩን ያዘጋጀው ድሩዋን የተባለው የፈረንሳይ ቤተሰብ በ1987 መጥቶ ኦሪገን መሬት ገዛ። ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ብዙ ሳያወጡ የኦሪገን ፒኖ ለሚፈልጉ ኤ ቱ ዚ እና ኢራዝ ይበቃሉ። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ አንደርዉድ የሚባለው የኦሪገን ፒኖ በጣሳ ይመጣል። አንዱ ጣሳ ግማሽ ጠርሙስ ያህል ነው። ጠርሙስ ከፍቶ «ከሚበላሽ ልጨርሰው» ከማለት ያድናል። እኔ ያንን ሰበብ አውቀዋለሁ።

ጀርመን ያላችሁ ወገኖች እድለኞች ናችሁ። ጀርመን ከፈረንሳይና ከአሜሪካ ቀጥላ በዓለም ሦስተኛዋ የፒኖ አምራች ናት። እዚያ ስሙ ሽፔትቡርጉንደር ነው። ብዙ አበሻ ስሙን አይቶ ያልፈዋል። ባደን የሚል የክልል ስም ካያችሁበት አንሱት። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ፋልዝ ከሚባለው የጀርመን ክልል የሚመጣው ቪላ ቮልፍ አንዳንድ ሱቅ ይገኛል፤ ካገኘሁት አላልፈውም።

ቦዦሌ ያልኩት ጋሜ ከሚባል ወይን የሚሠራ ነው። የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ በ1395 ጋሜ ከግዛቱ ይነቀል ብሎ አዋጅ አውጥቶበት ነበር፤ መጥፎና ከዳተኛ ተክል ነው ብሎ። ወደ ደቡብ ወርዶ ቦዦሌ ላይ ኖረ። እኛም ተጠቀምን። ቦዦሌ ቪላዥ የሚል ጽሑፍ ያለበት በ15 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በዚያ ዋጋ ከብዙ ፒኖ ይሻላል፤ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ይበልጥ ይጥማል።

አገዛዙ ላይ እንምጣ። ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ወይን ከሱፐርማርኬት ማንሳት እንችላለን። ሜሪላንድ ግን ሱፐርማርኬቱ በአብዛኛው ወይን አይሸጥም፤ ለብቻው ወዳለ ሱቅ መሄድ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ጓደኞቼ እኔ ጋ ሲመጡ የመኪናቸውን ኮፈን ሞልተው ነው የሚመለሱት። ብዙ ሱቆች 6 ወይም 12 ጠርሙስ ስትገዙ፣ የተለያየም ቢሆን፣ ቅናሽ ያደርጋሉ። ጠይቁ። የሱቁን ልጅ «ቀለል ያለ፣ ኦክ ያልበዛበት፣ ከ15 ዶላር በታች» በሉት፤ ኦክ የበርሜሉ እንጨት ጣዕም ነው። «ጥሩ ፒኖ» ካላችሁት የ30 ዶላሩን ነው የሚያመጣላችሁ።

መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጠርሙስ አትግዙ። አንድ ጊዜ ከአንድ ትንሽ ሱቅ «ቅናሽ» የሚል አይቼ ሁለት አነሳሁ። ቤት ስደርስ ቡሹ ከአፉ ትንሽ ወጣ ብሎ አየሁት። ስከፍተው እንደ ተቀቀለ ፕሪም ነው። ወጥ ውስጥ ጨመርኩት፤ ወጡም አልዳነ።

ስም አታሳስቱ። ፒኖ ግሪጂዮ ነጭ ነው። ባለቤቴ ስልክ እያወራ ገብቶ ሁለት ጊዜ ይዞልኝ መጥቷል። ፒኖታጅም ሌላ ነው። በ1925 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፒኖ ኗርን ከሳንሶ ጋር አዳቅለው ያገኙት ነው፤ ጠቆር ብሎ ጭስ ጭስ ይላል። አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ወይን ብዙ ስለሆነ እዚያ የሚሳሳት አይጠፋም።

አዲስ አበባ ላላችሁ እውነቱን ልንገራችሁ። ለዘወትር የሚሆን ፒኖ ፍለጋ አትድከሙ፤ ከውጭ የሚገባው ዋጋው አይቀመስም። ዝዋይ ላይ የካስቴል እርሻ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ነው የሚያወጣው። እኔ እዚያ ስመጣ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ ገዝቼ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየዋለሁ። ፒኖ አይሆንም። ከጥብስ ጋር ግን ሥራውን ይሠራል።

የማቀዝቀዙ ነገር ለፒኖም ነው፣ ይበልጥ ለርካሹ። «ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት» የሚባለው የድሮ የአውሮፓ ቤት ቀዝቃዛ ስለነበር ነው። ሐምሌ ላይ ቨርጂኒያ ክፍል ውስጥ የዋለ ወይን ሾርባ ነው። ከመጠጣታችሁ በፊት 20 ወይም 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው። የተረፈውን ከድናችሁ መልሱት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ስለሚወጣው፣ በ12 ዶላር ሒሳቡን አስቡት።

እናቴ ተመልሳ ከሄደች በኋላ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ምን ልላክልሽ ብዬ ደወልኩ። ቫይታሚን ትለኛለች ብዬ ነበር። «ያቺን ባለ ሳይክሏን» አለችኝ። «ኮካው እዚህ አለ።»